ለጆንያም ቀን ወጣለት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ እኔ ወንበሬን ደጅ አውጥቼ እግሬን ፀሐይ አስይዣለሁ። የልጅ ልጄ፣ ያቺ ልታገባ የተቃረበችው፣ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ገባችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ያኔ ነው የነቃሁት። ይቺ ልጅ ጉንጬን ከሳመች ናፍቄያታለሁ ማለት ነው፤ ጉልበቴን ከሳመች ግን ከቤቴ የሚወጣ ነገር አለ።

«አባባ፣ ጆንያ አለዎት?»

«የምን ጆንያ?»

«የድሮው። ፕላስቲኩን አይደለም፣ ቃጫውን።»

«እህል ገዛችሁ እንዴ?»

«ኧረ ለሠርጉ ነው! ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ።»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ። እኔ ጆንያን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ዝናብ ሲጥል አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከትተን፣ እንደ ቆብ ራሳችን ላይ ደፍተን ነበር ትምህርት ቤት የምንሮጠው። ከቆብነት ሲያረጅ ደጃፍ ላይ የጭቃ መጥረጊያ ይሆናል። ከዚያም ሲያልፍ የውሻ መኝታ ነው፤ ውሻው ሲሞት አብሮት ይጣላል። በ76 ዓመት ዕድሜዬ ጆንያ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ ወደ ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ከውሻ መኝታ ተነሥቶ የሙሽራ ገበታ ላይ! ስንቱን ሹመት ያየሁ ሰውዬ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሹመት ግን አላየሁም።

«ሠርጋችን ቪንቴጅ ነው» አለችኝ።

የአዳራሽ ስም መስሎኝ «በየት በኩል ነው?» አልኳት።

ሳቀች። ቪንቴጅ ማለት የድሮ የሚመስል ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። «አሮጌ ነገር ነው አባባ፣ ግን ክላስ ያለው።» እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ዕቃ መሀል ስኖር ክላስ ያለኝ ሰው መሆኔን አንድም ቀን የነገረኝ አልነበረም። ይባስ ብሎ የዚችው ልጅ እናት፣ ማለትም የገዛ ልጄ፣ ለጓደኞቿ ቤታችንን ላለማሳየት ከዋናው አስፋልት ላይ ነበር የምትሰናበታቸው።

የእኔና የባለቤቴ ሠርግ ጥር 1966 ነበር። በወሩ የአዲስ አበባ ታክሲዎች አድማ መቱ፣ ዓመቱ ሳይዞር ንጉሡ ወረዱ፤ ባለቤቴ ዛሬም ቢሆን «ያንተ ሠርግ ነው አገሩን ያናወጠው» ትለኛለች። ዳሱን የሰፈር ጎረምሶች ናቸው ያቆሙት፤ የባሕር ዛፍ አጠና ተከሉ፣ ቅጠል አለበሱት፣ ወለሉን ቄጠማ ጎዘጎዙት። ሳህኑ የእድር ነበር፤ እንዳይጠፋ ከሥሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ጋኑ በግራዋ ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ። መሶቡን እናቴ ናት የሰፋችው፤ ስንደዶውን ለቅማ፣ አለላውን ራሷ ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች። ከመስከረም ጀምራ ገና ድረስ ጣቷ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ ነበር። ይኼ ሁሉ በእጅ የተሠራ ነው። «በእጅ የተሠራ» የሚል ስም ግን አልነበረውም። በምን ሊሠራ ኖሯል? በእግር?

የኮራነው በምን እንደነበር ልንገራችሁ። ከሱቅ በተከራየነው ቬሎ! ከባለቤቴ በፊት ስንት ሙሽራ እንዳለፈበት እግዜር ይወቀው፤ ብብቱ ጋ ሦስት ዓይነት ክር ነበረበት። ቬሎ የሚሉት ጣሊያኖቹ ዓይነ ርግቡን ብቻ ነው፤ እኛ ቀሚሱንም ጨምረን ቬሎ አልነው። ለሙሽራ ነጭ መልበስን ወግ ያደረገችው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት ይባላል፤ በ1840 እ.ኤ.አ. ስታገባ ነጭ ለብሳ። እኛ አገር እንኳ ለነጭ ንግሥት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ሸማ ከመቼ ወዲህ ነው ሌላ መልክ የነበረው? ቢሆንም ያን የኪራይ ቬሎ ስናይ የእናቴን መሶብ ወደ ጓዳ ገፋ አደረግነው። በፎቶው ላይ መሶቡ የለም። ከፋብሪካ የወጣ የሻይ ትሪ ነው የሚታየው፣ እኔም ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጽዋ እንደ ተሸለመ ኳስ ተጫዋች።

አሁን ልጅቱ ፎቶውን አይታ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ይመስላችኋል? «መሶቡስ?»

ጆንያው ተገኘ። አንዱ ከጎረቤት፣ ሌላው ከመርካቶ። ከዚያ የጥሪ ወረቀቱ መጣ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ አጥንቴን የነካው።

እኔ 34 ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። መዝገብ ቤት ማለት ወረቀትን ከአራት ጠላት መጠበቅ ነው፤ ከአይጥ፣ ከውኃ፣ ከእሳትና ከአለቃ። አንድ ጊዜ አንድ ማኅደር ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ተገኘ ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ክቡ የእኔ አልነበረም፤ እኔ በዚያን ጊዜ ሻይ የምጠጣው በሲኒ ነው። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ግልባጭ ፋይሌ ውስጥ ሳስገባ አየሁት፤ የአለቃዬ ቡና ተደፍቶበታል።

ይኼን ሁሉ ያሳለፍኩት ሰውዬ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምን አየሁ? የልጅ ልጄና ሁለት ሚዜዎቿ ሳፋ ሙሉ ሻይ አፍልተው፣ ሦስት መቶ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ጥሩ ወፍራም ወረቀት አንድ በአንድ እየነከሩ ያወጣሉ። ልብስ ማስጫው ላይ በመቆንጠጫ የተሰቀለ ወረቀት፣ ሰፌድ ላይ የተዘረጋ ወረቀት፣ በሬ ላይ የሚንጠባጠብ ወረቀት። አንዷ ሚዜ ጧፍ አብርታ የወረቀቱን ጠርዝ ትለበልባለች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እያስረጀነው ነው፣ አባባ።»

እያስረጀነው! እኔን ዝም ብሎ ቁጭ ማለት ነው ያስረጀኝ፤ ሻይም እሳትም አላስፈለገኝም። ወረቀት እኮ ጊዜ ከተሰጠው ራሱ ያረጃል። «ለሠርጉ ስድስት ሳምንት ነው የቀረን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ለማርጀትም ጊዜ የለም።

ልቆጣ ብዬ ቀረብ አልኩ። ስቀርብ ሥራቸው ከነጥፋቱ ታየኝ። ሻዩ ቀጥኗል፤ ወረቀቱን ሳያገላብጡት በአንድ ጎኑ ስለሚያደርቁት ውኃው ሁሉ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዶ፣ ላዩ ነጭ ታቹ ጥቁር፣ የዝናብ ቦይ የወረደበት ግድግዳ ይመስላል። ፀሐይ ላይ የሰጡት ደግሞ እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል። አላስችል አለኝ። «ሻዩን አወፍሩት፤ ትንሽ ቡና ጣል አድርጉበት። ወረቀቱን ጥላ ላይ አስጡት፤ ግማሽ ሲደርቅ ገልብጡት፤ እርጥበቱ ሳያልቅ መጽሐፍ ጫኑበት፣ ይተኛል።» የረጠበ ፋይል እንዴት እንደሚድን የማላውቅ መሰላቸው እንዴ? ክረምት በገባ ቁጥር የቢሮው ጣሪያ ሲያፈስ ስንቱን ማኅደር አድኜአለሁ።

በዚህ ምክር ምክንያት ከሦስት መቶው ወረቀት ሁለት መቶ አሥሩን የነከርኩት እኔ ነኝ። አላፍርም፤ ግን እንዲጻፍብኝ አልፈልግም። ልጆቹ ከለበለቡት ደግሞ አንዱ ነደደ፤ የሠርጉን ቀን እሳት በላው፤ ባለቤቴ ከሳፋው ሻይ ጨልፋ አጠፋችው። ያ ወረቀት ከሁሉ ቪንቴጅ ሆነ ተብሎ ለሙሽራው እናት ተላከ።

ጽሑፉም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የጽሕፈት መኪና የጻፈው እንዲመስል ይፈልጋሉ። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስታረቅ ስንት እንደደከሙ ማን ይንገራቸው? ከ200 በላይ ሆሄ አራት ረድፍ ቁልፍ ላይ ሲሰፍር ያው መከራ ነው፤ አንዱን ፊደል ለመጻፍ መጀመሪያ ገላውን ትመታለህ፣ ቀጥሎ እግሩን ትቀጥላለህ፤ እግሩ አንዳንዴ ጎኑ ላይ ይበቅላል። እኛ ያ ጉድለት እንዳይታይ ዓይናችን እስኪፈስ ስናስተካክል ኖርን። እነዚህ ልጆች ኮምፒዩተር ላይ አንድ የፊደል ዓይነት አግኝተዋል፣ ሆን ብሎ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ እዚህ ጋ የጠገበ እዚያ ጋ የራበው። «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። ጡረታ የወጣሁት በስሕተቴ ዘመን ሳይሆን በስሕተቴ ገበያ ዋዜማ ኖሯል።

የድሮ ዕቃ አምጡ የሚለው ዘመቻ ሲቀጥል ከባለቤቴ ጋር የቆየ ጠብ ቀሰቀሰብን። እቤታችን ጥሩ ሬዲዮ ነበረ። ሣጥኑ እንጨት፣ ከፊቱ አረንጓዴ ዓይን ያለው፣ ጣቢያውን በትክክል ስትይዝለት ዓይኑን የሚያጠብ። ፋኖስ ነበረን፤ ለእንግዳ ጊዜ የሚወጣ ማሾ ነበረን፤ በእጅ የሚዞር ሲንጀር መኪና ነበረን። የት ሄዱ? ሬዲዮውን ቆራሌው ወሰደው፣ በ15 ብር። ማሾውን ቆራሌው ወሰደው። ሲንጀሩን አንድ ዘመድ ተውሶ ቀረ፤ በሕይወት ስላለ ስሙን አልጠራም። ሁለት ካፖርቴን ደግሞ እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ለልዋጭ ሰጠችብኝ። በምትኩ ምን ተቀበለች? ሳፋ! ይኼው ወረቀት የተነከረበት ሳፋ የእኔ ካፖርት ነው።

«ያንን ካፖርት ብል በልቶት ነበር» ትላለች እሷ።

«ብሉ እኮ ነው ዛሬ የሚፈለገው» አልኳት። ሙሽራው በዚያ ሰሞን የገዛውን ጃኬት አይቻለሁ፤ ክርኑ ላይ ሆን ተብሎ ተቀዷል።

የልጅ ልጄ ሬዲዮ ፍለጋ ወጥታ የሚከራይ አገኘች። የአንድ ቀን ኪራዩን ስትነግረኝ ቆራሌውን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተከትዬ እንደሮጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያ «ቆራሌ-ው!» እያለ የሚያልፈው ልጅ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የነገን ሠርግ ሁሉ ከየቤታችን በ15 ብር እየለቀመ ነበር፤ እኛ ቤታችንን ያጸዳልን መስሎን ነበር።

ዳንቴሉ ጋ ስደርስ ቀስ ልበል።

በእኛ ዘመን ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል፣ የሬዲዮው ጠረጴዛ ዳንቴል፣ የወንበሩ መደገፊያ ዳንቴል፣ የውኃ ማሰሮው ክዳን ላይ ሳይቀር ዳንቴል። ባለቤቴ ኪሮሽ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ፤ ያኔ ሴት ተማሪ ከሒሳብ እኩል የምትፈተነው በእሱ ነበር። ነጭ ክር ትገዛለች፣ ኳሱን ቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች እንዳይንከባለል፣ እያወራች ትሠራለች፤ እጇን አታየውም። ሲያልቅ በስኳር ውኃ ነክራ ትወጥረዋለች፤ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጉንዳን ይወደው ነበር።

ኋላ ልጆቻችን ጎረመሱና «ይኼ ነገር ይነሣ፣ ያሳፍራል» አሉ። የመጨረሻውን ምት የመታው ግን ቴሌቪዥኑ ነው። ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባ ነበረው፤ ዳንቴል ይነጠፍበታል፣ በላዩ የሴራሚክ ውሻ ይቀመጣል። ቀጠነና ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ውሻውም ዳንቴሉም ሥራ ፈቱ። ሁሉም ታጥፎ፣ ናፍታሌን ተጨምሮበት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ሣጥኑ ተከፈተ። ልጅቱ እያወጣች «ዋው!» አለች፣ ሚዜዎቿም «ዋው!» አሉ። ባለቤቴ ሐያ ዓመት ያህል ዝም ያሏትን ሥራ ዋው ሲሉላት አንገቷን ሰበር አድርጋ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። ከዚያ ልጅቱ አንዱን ረዥሙን አንሥታ «እማማ፣ ይኼንን በቀጭኑ ብንቆርጠውስ? የማርመላታ ጠርሙስ ወገብ ላይ ጆንያ እንጠቀልልና በላዩ ዳንቴሉን እናስርበታለን፤ አበባ ይገባበታል» አለች።

እኔ ጮህኩ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጎረቤት ሰምቷል። ሰው የእጅ ሥራን ለማርመላታ ጠርሙስ መቀነት ያደርጋል? ባለቤቴ ግን መቀሱን ራሷ አነሣች፤ መነጽሯን አደረገች፤ አበባው እንዳይበተን ከየት ጀምሮ መቆረጥ እንዳለበት በጣቷ ለካችና ቆረጣውን ጀመረችው። ጠርዙ እንዳይተረተር በመርፌ እየቆለፈች ነው የምትቆርጠው።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?» አልኳት።

«የቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

አላወቅኩትም። ስንት ዓመት ጀርባዬን ተደግፌበታለሁ፤ አላወቅኩትም።

«አንተ ሐረር በነበርክ ጊዜ የሠራሁት ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ።» ከዚያ መቀሷን ቀጠለች። እኔ ወጥቼ ግቢ ውስጥ ምንም የሌለበትን ቦታ ስጠርግ አመሸሁ።

ሐረርን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከ1974 ጀምሮ ሁለት ዓመት መሥሪያ ቤቴ እዚያ መድቦኝ ነበር። ቤት ማስጌጥ ምን እንደሆነ ያየሁት ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። የአደሬ ቤት ስትገባ ወለሉ በእርከን በእርከን ከፍ ይላል፤ ነደባ ይሉታል፤ ቀይ አፈር ተቀብቷል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የሴቶቹ የእጅ ስፌትና ሳህን ነው፤ እያንዳንዱ የሚሰቀልበት ቦታ አለው፤ ስፌቱም ግብዣ ሲኖር ከግድግዳ ወርዶ ሥራ ይሠራል። የአንድ ጓደኛዬ እናት ከበሩ በላይ ያለውን የተጠቀለለ ምንጣፍ እያሳዩ ነገሩኝ፤ እዚያ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። አያችሁ? አንድ ምንጣፍ። ሳይጮኽ፣ ሳይበራ፣ «ሽማግሌ ላኩ» ይላል። በ1998 ዩኔስኮ ጀጎልን የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ሬዲዮ ላይ ሰማሁና ባለቤቴን «ያንን ምንጣፍ ነው የመዘገቡት» አልኳት። የልጅ ልጄ ሳሎን ግድግዳ ላይ ግን ትልልቅ የመብራት ፊደሎች አሉ፣ «ፍቅር» የሚሉ። ማታ ማታ «ር» አትበራም።

ሳሎን ያልኩት ወደፊት የሚኖሩበትን ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ። ጉልበቴ እያለቀሰ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ሙሽራው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ የባንክ ሠራተኛ ነው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሰንሰለት ይዞ ጠረጴዛ ይገርፋል። አዲስ ጠረጴዛ! ከሱቅ ከመጣ ሳምንቱ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ማዕዘኑን ፍቆታል፣ አሁን ደግሞ ጠባሳ እንዲኖረው በሰንሰለት ይለው ይዟል።

«ምን አጠፋ?» አልኩት።

ልጁ ደነገጠና ሰንሰለቱን ከኋላው ደበቀ። በዚህ ምክንያት ወደድኩት።

አንደኛው ግድግዳ የጋዜጣ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የፈረንጅ ጋዜጣ፣ ቢጫ፣ ከውጭ የመጣ፣ በጥቅል የሚሸጥ። እኔ ያደግኩት እውነተኛው ቤት ውስጥ ነው። ያባቴ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነበር፤ እናቴ በየበዓሉ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ትለጥፍበት ነበር። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ታትሟል፤ የእኛ ግድግዳ ላይ ያለው ሽፋን ሲላጥ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ይነበብ ነበር። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ግድግዳ ነው። እናቴ ፊደል ስለማትቆጥር አንዳንዱን ገልብጣ ለጥፋዋለች፤ ዛሬም ቢሆን የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከቀናው እኩል አነባለሁ፤ መዝገብ ቤት ይኼ ችሎታ ከአለቃ ጠረጴዛ ማዶ ቆመህ ብዙ ይጠቅማል። ሙጫውን አይጥ ይወደው ስለነበር ብዙ ወሬ መጨረሻውን ሳላውቅ ቀርቻለሁ።

የልጆቹን ግድግዳ ግን ማንም አያነበውም። «ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ተያዩ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። መሰላል ፎጣ ተሰቅሎበታል። አንገቱ የተሰበረ ጀበና ውስጥ ቁልቋል በቅሏል። የእናቴ መሶብ፣ ያ ከፎቶው የተገፋው፣ ክዳኑ ተነሥቶ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ አምፖል ገብቶበታል። ያምራል። ማማሩን አልክድም፤ ብርሃኑ በአለላው ቀዳዳ እየሾለከ ግድግዳው ላይ ጥልፍ ይሠራል። «እንጀራው ታዲያ ከምን ይወጣል?» አልኩ። «ከፍሪጅ» አሉኝ።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈና የሠርጉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ደጃፍ ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት በር ቆሟል። ቤት የለውም፣ ግድግዳ የለውም፣ በር ብቻ ሜዳ ላይ። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚገልጹ ወረቀቶች ተለጥፈውበታል። አንድ ከገጠር የመጡ የሙሽራው አጎት አንኳኩተው ሲጠብቁ አይቻለሁ።

ገባሁ። ጆንያው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሽቶ ተረጭቶበት ጠረጴዛው ወገብ ላይ ተጋድሟል፤ ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም። የማርመላታ ጠርሙሶቹ የባለቤቴን ዳንቴል ታጥቀው አበባ ይዘዋል። ብርሌውም አበባ ይዟል። «እኔ ጠጁን በምን ልጠጣ?» ብዬ አስተናጋጁን ስጠይቀው የፕላስቲክ ብርጭቆ አመጣልኝ። ፋኖሶቹ ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። ክር ላያገኙ ይችላሉ ብዬ ከቤት በኪሴ ክር ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ጋዝ የለም ብዬ ተጨንቄም ነበር። ቀና ብዬ ባይ ሁሉም በባትሪ ነው የሚበሩት። ነበልባሉ እንዲርገበገብ እንኳ ተደርጎለታል፣ ንፋስ በሌለበት። ክሩን ኪሴ ውስጥ መልሼ ጠቀለልኩት።

ከአዳራሹ አንድ ጥግ ጫጫታ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አየሁ። የቆዳ ወንበር፣ ጎኑ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በላዩ ሬዲዮ፣ ወለሉ ላይ ሁለት አሮጌ ሻንጣ። እግሬ አብጧል፤ ማን ጠየቀኝ፣ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ጋቢዬን አስተካከልኩ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ሬዲዮው ሄዶ ቁልፉን አዞረው። እየዞረ ይቀራል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ባዶ ነው። አረንጓዴ ዓይኑ ቦታ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ወንበሩ ተመችቶኝ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ።

ስገልጠው ሰልፍ ነበር።

የማላውቃቸው ልጆች ተራ ይዘዋል። አንዷ መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች፣ ስልኳን ወደ ላይ አነሣች፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ ቀጭ! ሄደች። ቀጣዩ መጣ። ሦስት ልጆች ሻንጣዎቹ ላይ ተቀምጠው እኔን መሀል አስገብተው ተነሡ። አንዱ «በትሩን ከፍ ያድርጉልን አባባ» አለኝ፤ ከፍ አደረግኩ፤ ምን ላድርግ? ምናልባት አሥራ አምስተኛው ላይ አንድ አምስት ዓመት የማይሞላው ሕፃን እናቱን እጇን ይዞ ከፊቴ ቆመና ለረዥም ጊዜ አየኝ።

«እውነተኛ ናቸው?» አላት።

እናቱ ከመመለሷ በፊት አነጠስኩለት። ልጁ ጮኾ ሸሸ።

ምሽቱ ላይ ዲኮሩን የሠራችው ልጅ መጣች። የሙሽሪት አያት መሆኔን አላወቀችም። ፎቶዎቹን አይታ ተደስታለች፤ ከሬዲዮው ይልቅ እኔን ነው የወደዱኝ። አንገቷን ደፍታ፣ በሥርዓት፣ የሚመጣው ቅዳሜ ሌላ ሠርግ እንዳላት፣ ያ ሠርግም ቪንቴጅ እንደሆነ፣ ቢመቸኝ እዚያው ወንበር ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ብቀመጥላት መኪና እንደምትልክልኝ ነገረችኝ።

«ሬዲዮው በቀን ስንት ነው?» አልኳት።

ነገረችኝ።

«የሬዲዮው ሆዱ ባዶ ነው፤ እኔ ዕቃዬ ሙሉ ነው፣ አስነጥሳለሁም። እጥፉን ታስቢያለሽ። ጋቢው ለብቻው ነው።»

ባለቤቴ ቁርጥ የያዘ ሳህኗን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ልጄ፣ ኪራይ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። «ደህና ሳፋ ካለሽ በልዋጭ እንነጋገር።»